ዛፍ የለቀቀችው የዛፍ እንቁራሪት

ሐምሌ ላይ መካነ ሰላም አምሽታችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ልንገራችሁ። ዝናቡ አባርቶ፣ ጭሱ ከየጣሪያው ላይ ተንሳፎ ሲቀር፣ ከከተማው ዳር ካለው ጨፌ አንድ ድምፅ ይነሣል። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ሜዳው በሙሉ ይንጫጫል።

ልጅ ሆኜ ባትሪ ይዤ ያንን ድምፅ እከተል ነበር። ልክ ስደርስ ጸጥ! ሣሩን በብርሃኑ ባስሰው ባስሰው ምንም የለም። ተስፋ ቆርጬ ዞር ስል ከእግሬ ሥር እንደገና ይጮኻል። ጆሮዬ «እዚህ ነው» ይለኛል፣ ዓይኔ ደግሞ «ምንም የለም» ይለኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የምህንድስና ተማሪ ሆኜ፣ ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ አየሁ። አረንጓዴ ጀርባ፣ ሰማያዊና ቢጫ ጎን፣ ብርቱካንማ እግር፣ እንደ በርበሬ የቀላ ዓይን ያላት የዝናብ ደን እንቁራሪት። እውነቱን ልናገርና ቀናሁ። «የእነሱ እንዲህ ሲያምሩ የእኛዎቹ ለምን ሣርና ጭቃ መስለው ቀሩ?» አልኩ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ነበር። መልሱን ፍለጋ ስገባ ግን ከፊዚክስ ጀምሮ እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ወሰደኝ። ዛሬ ያንን መንገድ አብረን እንሂድ።

የፎቶው ማታለያ

በመጀመሪያ ፎቶው ላይ ካለችው እንጀምር። ቀይ ዓይኗ የዛፍ እንቁራሪት ይሏታል፤ የሳይንስ ስሟ አጋሊክኒስ ካሊድሪያስ ነው። ከደቡብ ሜክሲኮ ተነሥቶ በኮስታ ሪካና በፓናማ በኩል እስከ ኮሎምቢያ በሚዘልቁ ሞቃትና እርጥብ ደኖች ውስጥ ትኖራለች። ሥራዋ ሌሊት ነው፤ ቀን ትተኛለች።

ስትተኛ ምን እንደምታደርግ ልብ በሉ። እግሮቿን አጣጥፋ ሰማያዊውን ጎኗን ትሸፍናለች። ብርቱካንማ መዳፎቿን ከሆዷ ሥር ትከታለች። ቀያይ ዓይኖቿን ትጨፍናለች። አሁን የሚታየው አረንጓዴው ጀርባዋ ብቻ ነው። ቅጠል ላይ ተለጥፋ ቅጠል ትሆናለች ማለት ነው! ያቺ የቀለም ድግስ የመሰለች እንቁራሪት ቀኑን ሙሉ እንደ እኛዋ ተደብቃ ነው የምትውለው። ፎቶ አንሺዎች የሚያሳዩን ከእንቅልፏ የተነሣችውን ነው።

ታዲያ ቀዩና ሰማያዊው ለምን አስፈለገ? ተመራማሪዎች ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ ይኸ ነው፦ እባብ ወይም ወፍ ሲነካት ዓይኗን በድንገት ትከፍታለች። አዳኙ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ለቅጽበት ይደነግጣል። ለእንቁራሪት ደግሞ አንድ ቅጽበት አንድ ዝላይ ነው። በደቡብ አሜሪካ ያሉ አንዳንድ መርዛማ እንቁራሪቶች በበኩላቸው ቀለማቸውን ጨርሶ አይደብቁም። የእነሱ ቀለም «ንካኝና ታያታለህ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ያዝን። የእንቁራሪት ቀለም ጌጥ አይደለም፤ ሥራ አለው። አንዱ ይደብቃል፣ አንዱ ያስደነግጣል፣ አንዱ ያስጠነቅቃል። ሥራ ካለው ደግሞ እንደ እኔ ያለ መሐንዲስ «እንዴት ተሠራ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ባለ ሦስት ፎቁ ፋብሪካ

ብዙዎቻችን አረንጓዴ እንቁራሪት ስናይ ቆዳዋ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ያለ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንዲያ አይደለም። የቆዳዋን ሕዋሳት እንደ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አስቡት።

ላይኛው ፎቅ ላይ ቢጫ ማቅለሚያ የያዙ ሕዋሳት አሉ። መካከለኛው ፎቅ ላይ መስተዋት የሚመስሉ ሕዋሳት አሉ፤ በውስጣቸው ጉዋኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ ስስ ክሪስታሎች እንደ እንጀራ ተደራርበዋል። ጉዋኒንን ባዮሎጂ ትምህርት ላይ ሳታገኙት አትቀሩም፤ ከዲኤንኤ አራት «ፊደላት» አንዱ እሱ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሜላኒን የያዙ ጥቋቁር ሕዋሳት አሉ። የእኛንም ቆዳ የሚያጠቁረው ይኸው ሜላኒን ነው።

አሁን ብርሃን አስገቡበት። የፀሐይ ብርሃን የሁሉም ቀለማት ድብልቅ ነው። መካከለኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ስስ ክሪስታሎቹ ሰማያዊውንና ወደ እሱ የሚጠጋውን አረንጓዴ አብልጠው ወደ ላይ ይመልሳሉ። የቀረው ብርሃን ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ በጥቁሩ ይዋጣል። ወደ ላይ የተመለሰው ብርሃን ሲወጣ በቢጫው ፎቅ በኩል ማለፍ አለበት። ቢጫው ሰማያዊውን ያስቀረዋል፤ አረንጓዴው ያልፋል። ወደ ዓይናችን የሚደርሰው እሱ ነው።

«ቀለም ሳይኖር ክሪስታል ብቻውን እንዴት ሰማያዊ ይሰጣል?» ካላችሁ መልሱን መንገድ ላይ አይታችሁታል። ዝናብ ባጠበው አስፋልት ላይ ከመኪና ዘይት ጠብ ሲል ቀስተ ደመና የሚመስል ነገር ይወጣ የለ? ዘይቱ ራሱ ቀስተ ደመና የለውም። ከስሱ የዘይት ንጣፍ ላይኛው ፊትና ታችኛው ፊት የሚመለሱት ሁለት የብርሃን ሞገዶች ሲገናኙ አንዳንዱ ቀለም ይበረታል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። የትኛው እንደሚበረታ የሚወስነው የንጣፉ ውፍረት ነው። የእንቁራሪቷ ክሪስታሎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። እኔ በምህንድስና ትምህርቴ መስተዋት ላይ ስስ ንጣፍ ለማልበስ ውድ መሣሪያ፣ ብዙ ኤሌክትሪክና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልገኛል። እሷ ትል በልታ ትሠራዋለች።

ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? በሙዚየም ውስጥ አልኮል ውስጥ የተቀመጡ አረንጓዴ እንቁራሪቶች ከጊዜ በኋላ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። አልኮሉ የላይኛውን ፎቅ ቢጫ ስለሚያሟሟው ነው። መስተዋቱ ግን ባለበት ይቀራል።

ምድር ቤት ያሉት ጥቋቁር ሕዋሳት ደግሞ ሌላ ጥበብ አላቸው። እጅ የመሰሉ ቅርንጫፎቻቸውን ወደ ላይኞቹ ፎቆች ይዘረጋሉ። ሆርሞን «ዘርጉ» ሲላቸው ጥቁሩ ሜላኒን በእነዚያ እጆች ውስጥ ይሰራጭና መስተዋቱን እንደ መጋረጃ ይሸፍነዋል፤ እንቁራሪቷም ትጠቁራለች። «ሰብስቡ» ሲላቸው ትፈካለች። በዚህ ምክንያት አንዲት እንቁራሪት ጠዋት ደማቅ፣ ማታ ደብዛዛ ሆና ልታገኟት ትችላላችሁ።

እና አሁን ወደ ቅናቴ ልመለስ። የመካነ ሰላሟና የኮስታ ሪካዋ እንቁራሪት በፋብሪካ አይለያዩም። ሁለቱም ያው ሦስቱ ፎቆች ናቸው ያሏቸው። የሚለያየው አካባቢው የሚሰጣቸው ትእዛዝ ነው። እዚያ «ሰፊ ቅጠል ምሰይ» ይላል፤ እዚህ «ሣር ምሰይ» ይላል።

ጣት እንደ ጎማ

የዛፍ እንቁራሪትን ከሌላዋ የምትለዩት በቀለሟ ሳይሆን በጣቷ ጫፍ ነው። የእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ክብ ሆኖ ይሰፋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባለ ስድስት ጎን ሕዋሳት እንደ ንብ እንጀራ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ጠባብ ቦይ አለ። በቦዩ ውስጥ ስስ ዝልግልግ ፈሳሽ ይፈስሳል። እርጥብ ቅጠል ላይ ስትረግጥ ትርፉ ውኃ በቦዮቹ በኩል ይወጣና ጣቷ ቅጠሉን ይይዛል። የመኪና ጎማ ላይ ያሉት ቦዮች በዝናብ ጊዜ የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው፤ የጎማ ተመራማሪዎችም ይህን ጣት ቀርበው አጥንተውታል። እንዲህ ያለ ጣት ያላት እንቁራሪት ቀጥ ያለ መስታወት ላይ ትወጣለች።

ይህን ጣት አስታውሱት፤ ወደ አገራችን ስንመጣ እንፈልገዋለን።

ወደ እኛ ደጋ

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ የአምፊቢያን ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ አምፊቢያን የምንላቸው እንደ እንቁራሪትና ጉርጥ በውኃም በየብስም የሚኖሩትን ነው። ከመቶ 40 ያህሉ ከአገራችን ውጪ የትም አይገኙም። ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ስንኮራ እነዚህን እንረሳቸዋለን።

በደቡብና በምዕራብ ባሉት እርጥብ ደኖች ውስጥ እውነተኛ የዛፍ እንቁራሪቶች አሉን። አንዷ እ.ኤ.አ. በ1896 ቡሌንጀር የተባለው የእንስሳት አጥኚ የገለጻት ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ ናት። ስሟ የተሰጣት ሸዋ ውስጥ እንስሳት ይሰበስብ ለነበረው ጣሊያናዊ ሐኪም ለራጋዚ መታሰቢያ ነው። ሌላዋ አፍሪክሳለስ ኢንሰቲኮላ ትባላለች፤ የስሟ ትርጉም «የእንሰት ነዋሪ» ማለት ነው። የእሷ ወገን የሆኑ እንቁራሪቶች ዕንቁላላቸውን ቅጠል ላይ ጥለው ቅጠሉን አጥፈው ያጣብቁታል፤ ልክ ደብዳቤ በፖስታ እንደሚታሸግ።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የገረመችኝ ሌላ ናት። ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ። ሌፕቶፔሊስ የሚባለው ወገን በአፍሪካ የታወቀ የዛፍ እንቁራሪት ወገን ነው። «ግራሚኒየስ» ደግሞ በላቲን «የሣር» ማለት ነው። የሣር የዛፍ እንቁራሪት! ስሟ ራሱ የሚጣላ አይመስልም?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ዛፉ እየሳሳ ይሄዳል። ኮሶውና ጽዱ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ አስታው ይመጣል፣ እሱም ያልቅና ጓሳውና ጅብራው ብቻ ይቀራሉ። ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከመካነ ሰላም ብዙም ሳትርቁ ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውጡ፤ የአገሩ ሰው ደንቆሮ ጫካ የሚለው ነው። ከታች ጥቅጥቅ ካለው ደን ተነሥታችሁ ከ3,600 ሜትር በላይ ወዳለው ጓሳ ትደርሳላችሁ። እዚያ ላይ የሚወጡበት ዛፍ የለም። በበጋ ሌሊት ውርጭ አለ፣ ቀን ፀሐይዋ ትለበልባለች፣ ነፋሱ ያደርቃል። ለእንቁራሪት መድረቅ ሞት ነው።

እንደዚህ ባለ ደጋ የምትኖረው ግራሚኒየስ ዛፉን ትታ ወደ መሬት ወረደች። ያ ሰፊ የጣት ጫፍ ቀረ፤ ለሚወጣ እንጂ ለሚቆፍር ምን ያደርጋል? በምትኩ የኋላ እግሯ መዳፍ ላይ እንደ ዶማ የሚያገለግል ጠንካራ እብጠት አላት። በእሱ አፈሩን ትቆፍርና እርጥበት ወዳለበት ትገባለች። ወገኖቿ ከዛፍ ላይ ሲጣሩ እሷ ከመሬት ነው የምትጣራው። ቀለሟም ተከትሏታል፦ አንዷ እንደ ክረምት ሣር አረንጓዴ፣ ሌላዋ እንደ በጋ ሣር ቡናማ፣ አንዳንዷም ባለ መስመር ናት። ደጋው ወቅቱን ይቀያይራል፣ እሷም ሁለቱንም ልብስ በዘመዶቿ መካከል ተከፋፍላ ይዛለች።

በነገራችን ላይ «የምትጣራው» አልኩ እንጂ የሚጣራው ወንዱ ነው። ከጉሮሮው ሥር ያለውን ከረጢት በአየር ነፍቶ ድምፁን ያጎላል። እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተናል። ምስኪኖቹ ስማቸው በከንቱ ጠፋ! የሚነፉት ዝሆንን ለማከል ሳይሆን ሚስት ለመጥራት ነው።

በጀርባ ላይ ያለችው መስመር

የደጋ ሜዳ ላይ እንቁራሪት አይታችሁ ከሆነ በጀርባዋ መካከል ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ቦታ የወረደች ፈዛዛ መስመር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ይህች መስመር ተራ አይደለችም።

በደጋችን ሣር ውስጥ ፕቲካዴና የሚባሉ፣ ረጅም እግርና ሹል አፍንጫ ያላቸው እንቁራሪቶች አሉ። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢ የሚሠሩት ሳንድራ ጉት፣ ስቴፋን ቧሲኖና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ መካከል ስሟን ከሮቤ ከተማ ያገኘችውን ፕቲካዴና ሮቤንሲስን አጠኑ። በዚች ዝርያ ውስጥ መስመር የሌላቸው፣ ቀጭን መስመር ያላቸውና ሰፊ መስመር ያላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት መስመሩ ከአንድ ጂን ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኙት። ጂኑ ኤሲፕ ይባላል። እናንተም ሳታውቁት ሥራውን አይታችኋል፤ ፈረስ ዳማ ይሁን ወይስ ጥቁር የሚለውን ከሚወስኑት ጂኖች አንዱ እሱ ነውና።

መስመሯ ምን ትሠራለች? ከላይ ሆኖ የሚያይ ወፍ፣ ጋጋኖ ይሁን ሌላ፣ የሚፈልገው የእንቁራሪት ቅርጽ ነው። ፈዛዛዋ መስመር ግን ያንን ቅርጽ ለሁለት ትከፍለዋለች። ወፉ የሚያየው አንድ የደረቀ ሰንበሌጥና በግራ በቀኙ ሁለት ጥላ ነው። ተመራማሪዎቹ ጥናታቸውን ወደ ሌሎች የዓለም እንቁራሪቶች ሲያሰፉ ይህች መስመር በተለያዩ ወገኖች ውስጥ ተደጋግማ ለየብቻዋ ብቅ ማለቷንና በተለይ ሜዳ ላይ ለሚኖሩት የምትጠቅም መሆኗን ተረዱ።

ለምን ሁሉም ባለ መስመር አልሆኑም? ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱን በጨዋታ ላስረዳችሁ። ድብብቆሽ ስትጫወቱ ሁሉም ሰው አንድ ቦታ ቢደበቅ ፈላጊው ቶሎ ይለምዳል። የተለያየ ቦታ ከተደበቃችሁ ግን ይቸገራል። እንቁራሪቶቹም ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ወፉ ይማራቸዋል። መለያየታቸው ራሱ መደበቂያቸው ነው።

እኔ ሕፃን ሆኜ በባትሪ ያጣኋት እንቁራሪት ለካ ሰነፍ ዓይን ስለነበረኝ አይደለም። ከአዳኝ ዓይን ጋር ለረጅም ዘመን ሲታገል የኖረ ንድፍ ነው የገጠመኝ።

ዓባይን ያልተሻገሩት

ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ከሄዳችሁ መሬቱ ድንገት ያልቃል። የዓባይ ሸለቆ ነው። ከማዶ ጎጃም ይታያል፤ እጅ ዘርግተህ የምትነካው ይመስላል። በመካከሉ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ወርዶ፣ ሞቃቱን ቆላ አቋርጦ እንደገና መውጣት አለ። ለሰው ድልድይ ተሠርቶለታል። ቆዳዋ ለቀዝቃዛ እርጥበት ለተሠራ እንቁራሪት ግን ያ ቆላ እንደ ባሕር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ትልቅ የጥናት ጉዞ ወደዚህ ሸለቆ ወርዶ ነበር። ከተጓዦቹ መካከል ማልኮም ላርገንና ዴሪክ ያልደን የተባሉ የእንስሳት ተመራማሪዎች ይገኙ ነበር። ላርገን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያን እንቁራሪቶች አጠና። እ.ኤ.አ. በ1977 ከጎጃም ደጋ የተገኘችን አንዲት የዛፍ እንቁራሪት ለብቻዋ ዝርያ መሆኗን ገልጾ በባልደረባው ስም ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ አላት።

ይህ የሚነግረን ነገር አለ። ደጋዎቻችን በሸለቆ የተከበቡ ደሴቶች ናቸው። በየደሴቱ ላይ ያሉት እንቁራሪቶች ለረጅም ዘመን ተለያይተው ሲኖሩ ቀስ በቀስ ይለያያሉ፤ ስምጥ ሸለቆውም በምሥራቅና በምዕራብ ባሉት ላይ ይኸንኑ አድርጓል። ስለዚህ የአንድ ወረዳ ጨፌ ሲጠፋ «ሌላ ቦታ አለ» ማለት አይቻልም። ሌላ ቦታ ያለችው ሌላ ልትሆን ትችላለች። ገና ያልተገለጹም አሉ፦ በደቡብ ምዕራብ ከሚገኘው የቢቢታ ተራራ ደን የተገኘች አንዲት ጥቃቅን እንቁራሪት የሳይንስ ስም ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ዝም ያለው ጨፌ

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ማታ ባትሪዬን ይዤ ወጣሁ። አሁን ፊዚክሱን አውቃለሁ፣ ጂኑን አውቃለሁ፣ የት እንደምፈልግም አውቃለሁ። ከቤታችን ኋላ ወዳለው ጨፌ ስሄድ የጠበቀኝ ባሕር ዛፍ ነው። በረድፍ ተተክሎ አድጓል። ቆሜ አዳመጥኩ። ነፋሱ ቅጠሉን ሲያንኮሻኩሽ ብቻ ይሰማል።

በማግስቱ የመሬቱን ባለቤት አገኘኋቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ እንቁራሪቶቹስ የት ሄዱ?» አልኳቸው።

ሳቅ አሉና «ኧረ ልጄ፣ ውኃው ከሄደ እነሱ ምን ይሠራሉ?» አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ሁለቱን ልጆች ያስተማርኩት በዚህ ዛፍ ነው» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው። የባሕር ዛፉ ገንዘብ ደብተር ሆኗል፣ ቆርቆሮ ሆኗል። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፤ ሜዳው ሲደርቅ ደግሞ የሣር ቀለም የለበሰችው የምትለብሰው ልብስ አይጠቅማትም። በዛፍ ትወጣ እንዳትሉ፣ ያንን ጣት ትታዋለች። አያችሁ፣ ሠርታ የጨረሰችው ንድፍ ሁሉ ለአንድ ቦታ ነው። ቦታው ሲቀየር ንድፉ ዕዳ ይሆናል።

ሌላም አለ። ያ ቀለም የሚሠራው ቆዳ ቀለም ብቻ አይሠራም። እንቁራሪት በቆዳዋ ውኃ ትጠጣለች፣ በቆዳዋ ትተነፍሳለች። ለዚህ ነው እርሻ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ወደ ውኃው ሲገባ ቀድማ የምትጎዳው። በዓለም ላይ ብዙ ዝርያዎችን ያመናመነ የቆዳ ፈንገስም አለ፤ ተመራማሪዎች በአገራችን እንቁራሪቶች ላይም አግኝተውታል። በደቡብ ተራሮቻችን ላይ ብቻ ትኖር የነበረች፣ ስሟን እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ኢትዮጵያን ከጎበኘው ከአሜሪካዊው ዊልፍሬድ ኦስጉድ ያገኘች ጉርጥ አለች። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በኋላ ፈልገው አላገኟትም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምገማ ደግሞ ከመቶ 41 ያህሉ የዓለም አምፊቢያን የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው አሳይቷል።

እንግዲህ እናንተስ?

«ጋሼ ዛፉን ይቁረጡ» አላልኩም፤ እናንተም እንድትሉ አልጠይቅም። ግን ምንጩ አካባቢ ያለው ጥቂት ጨፌ እንዲቀር፣ ባሕር ዛፉ ከውኃው ራቅ ብሎ እንዲተከል መነጋገር ይቻላል። ያ ጨፌ ለእንቁራሪት ብቻ ሳይሆን በበጋ ለሚጠጡት ከብቶችም ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው የሰሙኝ በእንቁራሪቷ ሳይሆን በላሟ ነው። ይሁን፤ ምንጩ ከተረፈ ሁለቱም ይጠጣሉ።

ከዚያ በፊት ግን እዚያ ምን እንዳለ ማወቅ አለብን። እስቲ በዚህ ክረምት አንድ ማታ ከታላቅ ሰው ጋር ውጡ። ድምፁ ጋ ስትጠጉ ባትሪውን አጥፉና አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ፈርተው ዝም ያሉት እንደገና ይጀምራሉ። ስንት ዓይነት ድምፅ እንደምትሰሙ ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ጥሪ አለው። በስልካችሁ ቅዱት። ባትሪውን ስታበሩ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ጣቷ ጫፉ ሰፊ ነው ወይስ ሹል? ጀርባዋ ላይ መስመር አለ? ቀለሟ የቆመችበትን መስሏል? ፎቶ አንሡና ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፤ አይናቹራሊስት በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ ብትጭኑት በዓለም ዙሪያ ያሉ አጥኚዎች ያዩታል። ባትነኳት ይሻላል። የግድ ከሆነ ግን እጃችሁ እርጥብ ይሁን፤ ሳሙናም ቅባትም አይኑርበት፤ የምትጠጣበትን ነው የምትነኩት። ከአንዱ ጨፌ ወደ ሌላው ስትሄዱ ጫማችሁን አጥባችሁ አድርቁ፤ ፈንገሱ በጭቃ ይጓዛል።

እኔ ከመመለሴ በፊት በነበረው ማታ እንደገና ወጣሁ። ከባሕር ዛፉ በታች፣ ከምንጩ ዳር፣ የሁለት በር ስፋት የምታክል እርጥብ ሣር ቀርታለች። ባትሪዬን አጥፍቼ ቆምኩ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ አንድ ድምፅ ተነሣ።

ባትሪዬን አላበራሁም። ሁለተኛው እስኪመልስለት ጠበቅኩ።